ተቀምጦ የሚለካው ዘበኛ

በሳሞአ ደሴት፣ በሳሌሎሎጋ ወደብ ጎደሬ የምትሸጠው ሎሳ የወደቡን ዘበኛ ስም ጠይቃ አታውቅም። ሸብቷል፤ የሂሳብ ደብተሩን በሩዝ ከረጢት ጠቅልሎ ይይዛል። ሁለት ጊዜ የወደቀበትን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ነገ ይፈተናል።

በየሦስት ቀኑ እጥፍ እየሆነ ስለሚዛመት የጎደሬ በሽታ የሚጠይቀውን ሂሳብ ቶሎ ጨረሰው፤ በሽታው የራሱን ማሳ ሲጨርስበት ቆሞ አይቷል። ያስቸገረው ወደቡ ላይ የቆመው የኮኮናት ዛፍ ቁመት ነው። ከሎሳ ጎደሬ አጠገብ፣ ከመንደሩ ሽማግሌዎች ጋር ምንጣፍ ላይ እንደተቀመጠ በማዕዘን መለኪያው ወደ ዛፉ ጫፍ አነጣጠረ፣ አሰላ፣ መጽሐፉ እንደሚለው ከእግሩ እስከ ዓይኑ ያለውን ደመረበት።

“ትናንት ዛፉ ላይ ወጥቼ በገመድ ከለካሁት በለጠ” አለ ተክዞ።

“ታዲያ ቆመህ አትለካም? ምን ይዘፈዝፍሃል?” አሉ አንዱ ሽማግሌ እየሳቁ።

“እርስዎ ተቀምጠው እኔ ልገተር አባባ? ምን ያለሁ ባለጌ ነኝ!”

ሎሳ ከቁጥር ጋር እምብዛም አትተዋወቅም። አፈር አፈር እያላት፣ “ወንድምዓለም፣ የደመርከው እኮ የቆመ ሰው ቁመት ነው። አንተ ያየኸው ተቀምጠህ” አለችው።

እርሳሱ ቆመ። “በይ እህቴ፣ ለኪኝ” ብሎ ጀርባውን አቀና።

ሎሳ ከምንጣፉ እስከ ዓይኑ በስንዝሯ ለካች። “አራት።”

አራት ስንዝር ብሎ ጻፈ። ነገ ከፈተናው በፊት ብቻውን ሲከልስ እንዳይረሳው፣ ከጎኑ በትንንሽ ፊደል “ተቀምጬ” ብሎ ጨመረበት።