ሰው ያልሞተበት ድንኳን

ማዕዛ የእድር ዕቃ ጠባቂ ናት። ካዛንቺስ ውስጥ፣ ግማሹ ሰፈር ፈርሶ ግማሹ በቀረበት፣ ከእድሩ መጋዘን ጎን ባለች አንዲት ክፍል ትኖራለች። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ትልልቁ ድስት ሁሉ በእሷ እጅ ነው። ምላሷም እንግዲህ የታወቀ ነው፤ የተዋሰውን ድስት በደንብ ሳያጥብ የሚመልስ ሰው የለም፣ ስድቧን ፈርቶ።

አንድ ክረምት አርያም የምትባል ልጅ ከለገሃር መጥታ መጋዘኑ ጥግ ታድር ጀመር። እድርተኛው ያያታል፣ ከንፈሩን ይመጣል፣ ያልፋል። ሰገን የምትባለው ሴትዮማ «ውይ ስታሳዝን! ብቻ ድንኳኑን እንዳታቆሽሽብን» አለች። ማዕዛ ይህን ስትሰማ ልጅቷን እጇን ይዛ ቤቷ አስገባቻት። ደግነት ይሁን እልህ እሷም አታውቀው። በቃ፣ አብረው መኖር ያዙ።

ጣጣው የመጣው በትምህርት ቤት ነው። ማለቴ፣ ትምህርት ቤቱ ያለ አሳዳጊ አልመዘግብም አለ። ወረዳው ደግሞ አሳዳጊ ለመባል ሦስት የጎረቤት ምስክር አምጪ አለ። ምዝገባው ዓርብ ያበቃል። ካለፋት አርያም ዘንድሮም ፊደል ሳትቆጥር ልትቀር ነው።

እሑድ እድሩ ሲሰበሰብ ማዕዛ ጉዳይዋን ተናገረች። ቤታቸው ፈርሶ ከገቡበት ከጎተራ ኮንዶሚኒየም ድረስ የመጡት ሳይቀሩ ከንፈራቸውን መጠጡ። ከንፈር በመምጠጥ የተማረ ልጅ ቢኖር ያቺ ልጅ ያን ቀን ዶክተር በሆነች።

«እሺ፣ ማን ይመሰክርልኛል?»

ረዳኢ የሚባለው የቢሮ ሰው ጫማውን አየ። «እኔ እንኳ... ነገ ዘመድ ነኝ ባይ መጥቶ ቢከሰኝስ?»

«አንተን ከሶ ምን ሊያገኝ?»

ሊቀመንበሩ አቶ ሃብተአብ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ማዕዛ፣ እድር የሚረዳዳው በሐዘን ነው፤ ደንባችን ይኸው ነው። ግን፣ አያድርገውና፣ ልጅቷ አንድ ነገር ብትሆን እኛ አንጨክንም። ድንኳን ተክለን በወጉ እንቀብራታለን።»

ሰው ሁሉ «ደግ አሉ» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። አርያም ውሃ ስታድል ነበር፤ ጆጉን እንደያዘች ቆማ ቀረች።

ማዕዛ ሳቀች። «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። እንግዲያ እስክትሞት ጠብቂ በሉኛ!»

ሐሙስ ጠዋት ከመንገድ ሥራው ጎረምሶች ለምና ድንኳኑን ደጃፏ ላይ አስተከለች። ወንበሩን ደረደረች፣ ንፍሮ ቀቀለች። ጥሩምባ አላስነፋች፣ ለማንም አልደወለች። በዚያ ሰፈር ድንኳን ከቆመ ወሬው በራሱ ይሮጣል። ሦስት ቀን ሙሉ ስልኳን ያላነሳላት እድርተኛ ነጠላውን አዘቅዝቆ ከተፍ አለ። ከለቅሶ መቅረት ያስቀጣላ! ሰገንማ ከመንገዱ ጀምራ «ወይኔ! ወይኔ!» እያለች ገባች፤ ማንን እንደምታለቅስ ግን አልጠየቀችም።

አቶ ሃብተአብ ባምቢስ ያለውን ሱቃቸውን ዘግተው ደረሱ። «ኧረ ማን ነው የሞተው?»

አርያም ሰሃን ይዛ ቀረበች። «ንፍሮ ይቅመሱ ጋሼ።»

ሰውየው ክው አሉ። «ይህቺ ልጅ... አለች እንዴ!»

«ይቅርታ፣ አልሞተችም» አለች ማዕዛ። «ለቆመ ሰው አትመጡም ብዬ ነው። ከመጣችሁ አይቀር ሦስት ሰው ይነሣልኝ። የቀረው ንፍሮውን ይብላ።»

«በእድር ንብረት ትቀልጃለሽ?»

«የቀለዳችሁስ እናንተ! ድንኳኗን ቃል ስትገቡላት ውሃ እያጠጣቻችሁ ነበር።»

አቶ ሃብተአብ ከሰሃኑ አንድ ፍሬ አነሡ፤ አልቀመሱትም፣ እንደያዙት ተነሡ። ረዳኢም ተከተለ። ሰገን እንባዋን ጠርጋ ሦስተኛ ሆነች፤ ያን ሁሉ አልቅሳ ባዶ እጇን መመለሱ ሳይከብዳት አልቀረም።

ወረዳ ሲደርሱ ነጠላቸውን ማስተካከሉን ረስተውት ነበር። ጸሐፊዋ ቀና ብላ አየቻቸውና ደንግጣ ከወንበሯ ተነሣች።

«እግዚአብሔር ያጽናችሁ።»

«አሜን፣ ክፉ አይንካሽ» አሉ አቶ ሃብተአብ፣ ከልምድ።

«ያጽናቸው፣ ያጽናቸው» አለች ማዕዛ፣ አርያምን ወደ ጠረጴዛው ገፋ እያደረገች። «ፈርመው እስኪጨርሱ።»