ሞስኮ ከጅማ ትቀርባለች

የአባቴ ወገን ሴት ልጁን ሲድር መጀመሪያ የሚጠይቀው የሙሽራውን ሀብት ሳይሆን የአገሩን ርቀት ነው። ጠዋት ተነስተው ፀሐይ ሳትጠልቅ ለማይደርሱበት አገር ልጅ አይሰጥም። ልማዱ አንድ ጊዜ ተጥሶ አክስቴ ከጅማ ወዲያ ተዳረች። መሞቷ የተሰማው በክረምት ነበር። አባቴ አውቶቡሱ ጭቃ ይዞት መንገድ አድሮ ሲደርስ ተቀብራለች። ከዚያ ወዲህ ጎፋ ካለው ሱቃችን ያለፈ አገር ሁሉ ለእሱ ሩቅ ነው።

እኔ ደግሞ በደርግ ዘመን ሞስኮ ሄጄ ሕክምና እንድማር ተመረጥኩ።

«ስንት ቀን ያስኬዳል?» አለ አባቴ።

«ጠዋት የተነሳ አመሻሹ ላይ ይገባል፣ አባባ።»

አላመነኝም። አትላስ ዘርግቼ በክር ለካሁለት። ክሩ እስከ ጅማ የጥፍር ያህል፣ እስከ ሞስኮ ግን ከስንዝር በላይ ሆነ። በገዛ እጄ ጉድ ሆንኩ። ክሩን አየና ወደ ሱቁ ተመለሰ።

ያወጡኝ ላፍቶ የሚያርሱ ሽማግሌ ወዳጁ ናቸው። «መንገድ በርዝመቱ ይለካል እንዴ?» አሉት። «ለእህትህ ስትሄድ መንገድ አድረሃል። ይህቺ መንገድ ላይ ካላደረች ሞስኮ ከጅማ ትቀርባለች።»

አባቴ ብዙ ካሰበ በኋላ ፈረደ። «ትሂድ። ግን ፀሐይ ሳትጠልቅ ካልገባች ታናሿ ከዚህ ሰፈር ንቅንቅ አትልም።»

ታናሽ እህቴ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ትሰማ ነበር። በትምህርት ከእኔ ትበልጣለች፤ እንዲህ ስል ዛሬም ያመኛል። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ጫማዬን ሳይቀር ትጠርግልኝ ጀመር።

የሄድኩት በሐምሌ ነው። ጠዋት መነሳት የነበረበት አውሮፕላን ዝናብ ይዞት እስከ እኩለ ቀን ቆየ። ሊሸኘኝ የመጣው አባቴ ሰማዩን ያያል፣ ሰዓቱን ያያል፤ እህቴ እኔን ታያለች።

ከተነሳን በኋላ ሌሎቹ ተማሪዎች ሲዘፍኑ እኔ በግራዬ በኩል ፀሐይዋን እጠብቃለሁ። ሰዓቴ ጎፋ እንደመሸ ነገረኝ። እህቴን ቀበርኳት አልኩና ማልቀስ ጀመርኩ። ፀሐይዋ ግን ቀላች እንጂ አልወረደችም። አጠገቤ የተቀመጠው፣ ለእረፍት መጥቶ የሚመለስ ተማሪ፣ «ምን ያስለቅስሻል?» አለኝ። ነገርኩት። «የሞስኮ በጋ ነው» አለ፤ «ፀሐይዋ እንደኛዋ አትቸኩልም።»

ሞስኮ ስንወርድ ፀሐይዋ ገና ከዛፎቹ በላይ ነበረች። ደረጃው ላይ ቆሜ እስክጠግብ አየኋት። እንባዬን እንኳ አልጠረግሁም። በሕይወቴ እንደዚያን ዕለት ያሸነፍኩበትን ቀን አላውቅም። በማግስቱ ቴሌግራም ላክሁ፦ «ፀሐይ ሳትጠልቅ ገባሁ።»

የዚያን ዕለት ጎፋ ምን እንደሆነ እህቴ ኋላ ነገረችኝ። አባቴ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ሲመሽ እያየ «አልደረሰችም» አለ፤ እራትም አልበላም። የፈረደው እሱ፣ የተሸነፈው እሱ መስሎ አደረ። ቴሌግራሙ ሲመጣ ሱቁን ዘግቶ በእግሩ ላፍቶ ድረስ ሄዶ ለሽማግሌው አስነበበ።

በዓመቱ እህቴም መጣች። ሰፈሩ «ሁለት ሴት ልጅ እንዲያ ሩቅ ሰደድክ?» እያለ ይወቅሰው ነበር አሉ። አባቴ ከሚዛኑ ቀና ሳይል ይመልሳል፤

«ቅርብ ናቸው። በቀን ይደረሳል።»