«ትፈሪያለሽ?» ብለው ሲጠይቁኝ

ከቡሬ የምንወጣበት ዋዜማ ምሽት ቤታችን በሰው ተጨናንቆ ነበር። ሁለት ሴቶች ባሕር ተሻግረው የኤሌክትሪክ ሳይንስ ሊማሩ ነው ተብሎ፣ አንዱ ድርቆሽ፣ አንዱ በሶ ይዞ ጎረቤቱ ሁሉ መጣ። አባቴ የበርበሬ ነጋዴ ናቸው፤ በሰው ፊት ብዙ አይናገሩም። ያን ምሽት ግን ብድግ አሉና ወደ እኔ እያመለከቱ፣ «ማንጠግቦሽ፣ ይታይሽን ተከተያት። እሷ ከሄደችበት አትጠፊም» አሉ።

ማንጠግቦሽ የጎረቤታችን የቄሱ ልጅ ናት። ፍኖተ ሰላም አንድ ክፍል ተከራይተን ስንማር እኔ አንደኛ እወጣ ነበር፤ እሷ ከኋላዬ። ሒሳብ ያስጠናኋት እኔ ነኝ። አውሮፕላኑ ሲነሣ እጇን የያዝሁላትም እኔ ነኝ። ይህን የምጽፈው ለመኩራራት አይደለም፤ ቀጥሎ የሆነውን እንድትረዱልኝ ነው።

ኪየቭ ደረስን። እኛ በረዶ የምንለው ክረምት ላይ ቆርቆሮ ደብድቦ የሚሄደውን ነው። የዚህ አገሩ ድምፅ የለው፣ መጥቶ ይቀመጣል እንጂ አይሄድም። ጥቁር ዳቦአቸውን ዓይኔን ጨፍኜ ስበላው የዳጉሳ እንጀራ ሊመስለኝ ይደርስና ወጥ የለውም። ቦርሽ የሚሉት ሾርባ አለ፤ ለበርበሬ ነጋዴ ልጅ ቀይ ሆኖ የማያቃጥል ነገር ማየት እንዴት እንደሚከብድ እናንተ ታውቃላችሁ።

ከሁሉ የከበደኝ ግን «አዎ» ማለት ነው። እኛ አገር ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ሳብ ካደረግን በቃ፣ አዎ ብለናል። እዚህ እንዲህ የሚያደርግ የደነገጠ ሰው ብቻ ነው። የመኖሪያችን ኃላፊ ኮሜንዳንት የሚሏት ወፍራም ሴት ናት።

«ብርድ ልብስ ደርሶሻል?» አለችኝ።

ትንፋሼን ሳብሁ።

«ምን ሆንሽ?»

«ምንም።»

«ብርድ ልብሱ ደርሶሻል ወይ?»

አሁንም ሳብሁ።

«አስም አለባት!» ብላ እየጎተተች ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ሐኪሙ ደረቴን አዳምጦ ጤነኛ ነች ቢላትም አላመነችውም። ማንጠግቦሽ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እሷ ከመጣን ጀምሮ አዎ ለማለት «ዳ! ዳ!» ማለት ለምዳለች፤ የቄስ ልጅ መጮኽ አይቸግራትም።

ቋንቋ ተምረን ስንጨርስ የክፍል ምደባ መጣ። በኤሌክትሪክ ክፍል ለውጭ አገር ሴት የተረፈው ቦታ አንድ ብቻ ነበር። ተማሪ የምትመርጠው ፕሮፌሰር ራሷ ሴት ናት። ፀጉሯ ሸብቷል፤ የትልቅ ግድብ ተርባይን ያስተከለች ናት ይባላል። ስገባ ለታላቅ እንደሚገባው ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ ቆምሁ።

«ከኤሌክትሪክ ጋር መሥራት ትፈልጊያለሽ?»

ከልቤ ስለነበር ትንፋሼን በኃይል ሳብሁ። ብድግ ልትል ቃጣት።

«ትፈሪያለሽ እንዴ?»

እናንተው ፍረዱኝ። በእኛ ዘንድ የማይፈራ ልጅ ምን ይባላል? ዓይን አውጣ! «ትፈሪያለሽ?» ተብላ «አልፈራም» የምትል የቡሬ ልጅ አላውቅም። በትሕትና ጎንበስ ብዬ እንደገና ትንፋሼን ሳብሁ።

ከእኔ ቀጥላ ማንጠግቦሽ ገባች። «ኒ ባዩስ! አልፈራም!» ስትል በበሩ በኩል ሰማኋት።

እሷ ኤሌክትሪክ ደረሳት። እኔ የእህልና የዳቦ ቴክኖሎጂ። ሊጥ ማቡካት ለመማር ባሕር ተሻገርሁ።

«እታለም፣ እርሾም ሳይንስ ነው እኮ» አለችኝ ማታ።

«እንግዲያውስ እንለዋወጥ።»

ተነሥታ መብራቱን አጠፋች።

የሴቶች ቀን ሲከበር ትልቁን አዳራሽ በሴት መሐንዲሶችና ኬሚስቶች ፎቶግራፍ አስጌጡት። እንደዚያ ያሉ ሴቶች በዓለም መኖራቸውን ሳይ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ማንጠግቦሽን ነጭ ጋዋን አልብሰው መድረክ ላይ አወጧት፤ ፕሮፌሰሯ ግንባሯን ሳመቻት፣ አበባም ሰጠቻት። አጨበጨብሁ። ጋዋኑ እጅጌው ረዝሞባታል። ለእኔ ልክ ይሆን ነበር እያልሁ ነው ያጨበጨብሁት።

በማግሥቱ ስልክ ነበረን። አባቴ ቀድመን በላክነው ቴሌግራም መሠረት በጭነት መኪና ፍኖተ ሰላም ወርደው ስልክ ቤት ይጠብቁን ነበር። ማንጠግቦሽ ከነጋዋኗ ከጎኔ ቆማለች፤ መስመሩ ስለሚንሾካሾክ ጆሮዋን ከመነጋገሪያው አስጠግታለች።

«ይታይሽ! አለሽ ወይ?»

«አለሁ አባየ። እንዴት ሰነበቱ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምደባው እንዴት ሆነ? ኤሌክትሪኩን አገኛችሁት?»

«አገኘን» አልሁ።

ማንጠግቦሽ አየችኝ።

«ተመስገን! ለማንጠግቦሽም እንኳን ደስ ያለሽ በያት። አንቺን ተከትላ እዚያ ደረሰች። አላልሁም? ልጄ ከፊት ትሄዳለች አላልሁም?»

ድምፃቸው ጥርት ብሎ ነበር የመጣው። ማንጠግቦሽ እጇን ለመነጋገሪያው ዘረጋች። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርሁ።

«አልተሰማኝም አባየ» አልሁ። «እባክዎ ይድገሙልኝ።»