ሕፃኑን ማን ይቀበለው?

ዛሬ ከትምህርት ቤት ስመለስ የአምስት ዓመቷ እህቴ ሊያ ጫማዋን አጥልቃ በሩ ሥር ተቀምጣ ታለቅሳለች።

«ምን ሆንሽ?»

«ሕፃኑ አውሮፕላን ማረፊያ ብቻውን ቆሞ ቢጠፋስ? ማንም ሊቀበለው አልሄደም!»

እናታችን ልትወልድ ቀናት ቀርተዋታል። ሊያ ሕፃን ከየት እንደሚመጣ አያታችንን አባባን ጠይቃቸው ኖሯል። አባባ ደግሞ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል የመጡ ናቸው፤ የሁሉም ነገር መልስ እሱ ይመስላቸዋል። «እኛ በአውሮፕላን ነው የመጣነው» ብለዋት አረፉ።

«አባባ፣ ምን ነካዎት?» አልኳቸው።

«ታዲያ ምን ልበላት? ነውር አይደለም እንዴ!» ብለው ወደ በረንዳ ወጡ። የከተማችንን የቂርያት ጋትን ባልና ሚስት ሁሉ ያስታረቁ ሽማግሌ ከመዋዕለ ሕፃናት ልጅ ሲሸሹ!

እኔው የሊያን እጅ ይዤ ሶፋ ላይ ጋደም ያለችው እናቴ ሆድ ላይ አደረግሁት። «ያለው እዚህ ነው። አይጠፋም።»

ሕፃኑ እጇን ረገጣት። ለቅሶው ቆመ፤ ግን ወዲያው ተኮሳተረች። «እና አባባ ዋሸኝ?»

አባባ ይህን ሲሰሙ ተመልሰው አጠገቧ ቁጭ አሉ። «አልዋሸሁሽም፣ ልጄ። በአውሮፕላን ስንመጣ እናትሽ በእናቷ ሆድ ውስጥ ነበረች።»

እናቴ እየሳቀች እንባዋን ጠረገች።

ሊያ ግን አላበቃችም። «ሆዷ ውስጥ እንዴት ገባች?»

አባባ እኔን አዩኝ። እኔ ስልኬን አየሁ። ይኸው እየጻፍኩ ነው።

የእናንተ አያቶችስ ምን ብለው ሸወዷችሁ? ቶሎ ጻፉልኝ፤ ልጅቷ ፊቴ ቆማ መልስ እየጠበቀች ነው።