ጀርመናዊውና ፖላንዳዊው በአዋሳ አውቶቡስ

ንጋት፣ አዲስ አበባ

አሥራ ሁለት ሰዓት ይነሳል የተባለው አውቶቡስ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳ። ታላቅ ወንድሜ ማቴዎስ ቴፑን ጭኑ ላይ አስቀምጧል። አዋሳ ያለችው ቤተ ክርስቲያናችን በመንግሥት ትእዛዝ ከነኦርጋኗ ከታሸገች ወዲህ ማቴዎስ ሙዚቃ የሚያገኘው ከካሴት ነው። ከአንድ አስተማሪ ያስቀዳነው ካሴት በአንድ ወገኑ እሱ የሚወደውን፣ ጆሮው የማይሰማውን ጀርመናዊ የሙዚቃ ደራሲ ከነኦርኬስትራው ይዟል፤ በሌላው እኔ የምወደውን ሳንባ በሽተኛ ፖላንዳዊ ከነፒያኖው።

ረፋድ፣ ሞጆ

«ያንተ ሰውዬ ሰማንያ ሰው አሰልፎ የሚለውን የኔው በአሥር ጣት ይጨርሰዋል» አልሁት።

«ያንተው ሴት ጥላው በሄደች ቁጥር ነው ፒያኖ ላይ የሚቀመጠው። የኔው ጆሮው ጠፍቶ እንኳ አላለቀሰም!»

የቴፑን ድምፅ ከፍ አደረገው። አውቶቡሱ ጸጥ አለ። በዚያ በደርግ ጊዜ ሬዲዮ ዘፋኝ የሌለው ሙዚቃ ካሰማ ከባድ ዜና ይከተል ነበር። ከፊታችን የተቀመጡ እናት ነጠላቸውን አዘቀዘቁ።

«ልጄ፣ ማን ሞቶ ነው?»

«ሙዚቃውን የደረሰው ሰውዬ፣ እማማ» አለ ማቴዎስ፤ «ከሞተ ግን መቶ ዓመት አልፎታል።»

«ነፍስ ይማር። ታዲያ ዛሬ ነው የተረዳችሁት?»

ሾፌሩ ሳይቀር ሳቀ።

ከዝዋይ እስከ ሻሸመኔ ግራር፣ አቧራ፣ ፍየል፣ የከሰል ጆንያ።

አሥር ሰዓት፣ የአዋሳ መግቢያ

ኬላው ላይ ወጣት ወንዶች ውረዱ ተባልን። የውትድርና አፈሳ ነው። እኔ የተማሪ መታወቂያ ነበረኝ። ማቴዎስ አሥራ ሁለተኛን ከጨረሰ ዓመት ሆኖታል። ታጣቂው ቴፑን ከፍቶ አዳመጠ።

«ምንድነው የሚለው?»

«ምንም አይልም፤ ሙዚቃ ብቻ ነው» አለ ማቴዎስ።

«ይሄን ሁሉ ጮሆ ምንም?»

ቴፑን ለእኔ መለሰልኝ፣ ወንድሜን አስቀረው። በሰው ዕቃ ጠንቃቃ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት፣ አዋሳ

አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ ወርጄ ለማቴዎስ የተጠበሰ ዓሣ ገዛሁ። በጋዜጣ ጠቅልዬ የታፈሱት ወዳደሩበት ግቢ ሮጥሁ። አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ብቻ ነበሩ።

«ሳይነጋ ተጫኑ። ወደ ሰሜን ነው አሉ።»

«ዓሣውስ?» አልኋቸው። ሌላ ጥያቄ አልመጣልኝም።

«አንተ ብላዋ፣ ሳይበርድ።»

ማቴዎስ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም። ስለ እሱ ለጠየቀኝ ሁሉ ብዙ አውርቻለሁ። ይህን ግን ለእናታችንም አልነገርኋት፦ ከዘበኛው ጎን ተቀምጬ ዓሣውን በሙሉ በላሁት። ርቦኝ ነበር።