ይርጉና ሁለቱ ዶክተሮች

ባለቤቴ ይርጉ ሹፌር ነው፣ ባሕር ማዶ ሜስኪት የሚባል ከተማ ነው የምንኖረው። እኔ መጻፍ ብዙም አልችልም። ይቺን ታሪክ ግን በደንብ አውቃታለሁ፣ ጋቢና ተቀምጬ ነበር።

ድሮ ቪከሪ ሜዶ የሚባል ስደተኛ የሚበዛበት ሰፈር ስንኖር የተኳረፈ ሁሉ መልእክት የሚልከው በይርጉ ነበር። ቃል አይጨምርም፣ አይቀንስም።

ፀሐይ በጨረቃ በተሸፈነችበት ቀን ሁለት የሀገራችን ሰዎች ኮንትራት ያዙት። ዶክተር ሀይሌ የአየር ጠባይ ተመራማሪ ናቸው። ዶክተር ሮማነወርቅ የድሮ ተማሪያቸው ናት፣ የሌንስ ባለሙያ። በፀሐይዋ ዙሪያ የሚታየውን ብርሃን ራሷ በሠራችው ሌንስ ፎቶ ልታነሳ ነው። ዛሬ ካመለጣት በቅርብ ሌላ ቀን የለም። ሰማዩ ደግሞ ደመና!

«እዚሁ ፓርክ አድርግ» አሉ ዶክተር ሀይሌ። «ጨረቃዋ ስትጋርዳት መሬቱ ይቀዘቅዛል፣ ደመናው ይበተናል።»

ሮማነወርቅ አጠገባቸው ተቀምጣ ወደ ይርጉ ጎንበስ አለች። «ይርጉዬ፣ እሱ የሚሠራው ዝቅ ላለ ደመና ነው በላቸው።»

«የሚሠራው ዝቅ ላለ ደመና ነው ትላለች።»

«ይሄስ ምን ሆነና በላት!»

«ምን ሆነና ይላሉ።»

«ይሄ የላይኛው ነው፣ ከመሬት ሙቀት ጋር ጉዳይ የለውም። በምሥራቅ በኩል ሰማዩ ክፍት ነው፣ እንሂድ በላቸው።»

ሳቄን ዋጥኩ። ይርጉ ግን መኪናውን ዳር አቁሞ ወረደ። በመስኮት ጎንበስ ብሎ፣ «ይቅርታ ዶክተር፣ እኔ ባልና ሚስት እንጂ ደመና አላስታርቅም። ፀሐይዋ መሸፈን ጀምራለች። እሷ እርስዎን አክብራ ነው፣ ራስዎ ይጠይቋት» አላቸው።

ዶክተር ሀይሌ ወደ እሷ ዞሩ። «ተሳስቻለሁ?»

አንገቷን ደፋች። «አዎ ጋሼ። ተሳስተዋል።» ስልኳ ላይ የሳተላይቱን ምስል አሳየቻቸው። «ጫፉን ይዩት፣ እንደ ላባ ነው። የበረዶ ብናኝ ደመና ነው፣ ከፍ ያለ።»

መነጽራቸውን አውልቀው አዩት። «የላይኛው ነው» አሉ። «ታዲያ አንቺ፣ ይሄን ለሹፌር ትነግሪያለሽ? ይርጉ፣ ንዳው!»

ሃይዌዩ ተጨናንቋል፣ ይርጉ በውስጥ መንገድ ወሰደን። አንድ የዕቃ መሸጫ ፓርኪንግ ስንደርስ ሰማዩ ጠራ። ካሜራዋን ተከለች። ወዲያው ጨለመ፣ የሱቁ መብራት በራ፣ ንፋስ ተነሳ። የካሜራው ማቆሚያ እግር መንቀጥቀጥ ጀመረ።

ዶክተር ሀይሌ በሙሉ ሱፋቸው አስፋልቱ ላይ ተንበረከኩና በሁለት እጃቸው ጨበጡት።

«ይዤልሻለሁ፣ አንሺ!»

አነሳች።