የእትዬ ጥሩዓለም እርሾና የሽንፋ ዝንቦች

መተማ፣ የሰብል ጥበቃ ላቦራቶሪ ሥራ የጀመርኩ ቀን ኃላፊዬ ብልቃጥና እርሳስ ሰጠኝ። «በእስክሪብቶ እንዳትጽፊ፤ አልኮሉ ያጠፋዋል። የአንዱን ቤት ዝንብ ከሌላው እንዳትቀላቅይ።» ከእሱ የሰማሁት ደህና ነገር ይኸው ነው።

ሥራዬ ከእንጉዳይ ማብቀያ ቤቶች ዝንብ በቱቦ እየሳብኩ መያዝ ነበር። እትዬ ጥሩዓለም ጎጇቸውን በእርጥብ ጆንያ ጋርደው፣ በሰሊጥ ገለባ ላይ እንጉዳይ ያበቅላሉ።

«ሰው ወርቅ ይለቅማል፣ አንቺ ዝንብ!»

«ዝንቡ የእርስዎ አይደል፣ እትዬ?»

«ውሰጂው፣ መርቄልሻለሁ።»

የሽንፋ ሴቶች እንጉዳይ ሲጀምሩ፣ እትዬ ጥሩዓለም ከራሳቸው ቤት ያረጀ ገለባ ቋጥረው ላኩላቸው። ጎረቤት ለጎረቤት የሊጥ እርሾ እንደሚሰጠው። የእኛ መሥሪያ ቤትም ለማስተማሪያ እንጉዳይ ከሚያበቅልበት ማሳያ ቤቱ፣ ዘር የያዘ የገለባ ከረጢት ላከ። ብዙ ሳይቆይ የሽንፋውን እንጉዳይ የዝንብ ትል ፈጀው።

ኃላፊዬ ሴቶቹ በተሰበሰቡበት እትዬ ጥሩዓለምን፣ «ዝንቡን የላክሽው አንቺ ነሽ፤ ቤትሽ ይዘጋል» አላቸው። በእናቱ ዕድሜ ያሉትን ሴት «አንቺ» አለ። እስከ ዛሬ አልተውኩለትም።

በማግስቱ እሳቸው ቤት ስደርስ ጆንያውን እያወረዱ ነበር።

«በእጄ አበላሸኋቸው፣ ልጄ። በገዛ እርሾዬ።»

«ዝንቦቹን ለምርመራ ጎንደር ልኬያለሁ። ውጤቱ እስኪመጣልኝ ይቆዩ።»

«ዝንብ ምን ብሎ ሊመሰክር?»

«ዘሩን ይናገራል።»

የላክሁት የእሳቸውን፣ የሽንፋውንና የማሳያ ቤታችንን ነው፤ ሁሉንም ለየብቻ። የማሳያ ቤቱን ያዢ ያለኝ አልነበረም። ለምን እንደያዝኩ ለራሴ ይሁን።

የጎንደሯ የዘረመል ባለሙያ በስልክ አስረዳችኝ። «ለዓይን ሁሉም አንድ ናቸው። የሴትዮዋ ዝንቦች ግን ዘራቸው ዝንቅ ነው፤ ከየዱሩ የገቡ ይመስላሉ። የሽንፋዎቹ ከጥቂት እናቶች የተባዙ ናቸው፣ እርስ በርስ ይመሳሰላሉ። የሚገጥሙትም ከማሳያ ቤታችሁ ጋር ነው።»

ኃላፊዬ ሲሰማ፣ «ይኸ የምርምር ጉዳይ ነው፤ ወደ ውጭ አይወራም» አለ። እኔ በአይሱዙ ተሳፍሬ ሽንፋ ሄድኩና ለሴቶቹ ነገርኳቸው።

እትዬ ጥሩዓለም ስነግራቸው ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ።

«የእኔ አልነበረም በይኛ።»

«አልነበረም።»

«ቢሆንም ከእንግዲህ እርሾ አልልክም። አዲሱን ገለባ ግን ሄጄ አብሬ እቀቅልላቸዋለሁ። የፈላ ውሃ ትሉን አይምረውም።»

ጆንያውን መልሰን ሰቀልነው። ኃላፊዬ ይቅርታ ሳይጠይቃቸው ጡረታ ወጣ።

በዚህ ሥራ ያላችሁ፣ የየቤቱን ዝንብ ለየብቻ ያዙ። የራሳችሁን መሥሪያ ቤት ዝንብም ጨምሩ።